ቶርኖና ፍሬዛ ለቤት ወርክሾፕ፦ በመሀል አዲስ አበባ ለሚገዙ የቀረበ ንጽጽር

በፒያሳ፣ በአራት ኪሎ፣ በልደታ ወይም በካዛንችስ አካባቢ ባለው ቤቱ የብረት ሥራ ወርክሾፕ ለማደራጀት ያሰበ ሰው የሚያማርጠው ከአራት ዓይነት ማሽን ነው፦ ለሁለት ሰው ሸክም የሚሆን ትንሽ የጠረጴዛ ቶርኖ (ብረትን እያዞረ የሚቆርጥ ማሽን)፣ ቶርኖን፣ ፍሬዛን (በሚሽከረከር መቁረጫ የሚፍቅ ማሽን) እና ትራፓኖን (መብሻ ማሽን) በአንድ አካል ያጣመረ ማሽን፣ ከ150 እስከ 250 ኪሎ ግራም የሚመዝን መካከለኛ ቶርኖ፣ እንዲሁም ከፋብሪካ ወይም ከቶርኖ ቤት የወጣ ያገለገለ ከባድ ቶርኖ። እኔ ገንዘብን ለሁለት ከፍሎ ደካማ ቶርኖና ደካማ ፍሬዛ በአንድ ቀን ከመግዛት ይልቅ ጠንካራ ቶርኖ አስቀድሞ ገዝቶ ፍሬዛውን ማቆየት እንደሚሻል አምናለሁ፤ ሻፍት (ዘንግ)፣ ቡሽ (የዘንግ መቀመጫ ቀለበት)፣ ፑሊ (ቀበቶ የሚዞርበት ጎማ) እና ፊሌቶ (የብሎን ጥርስ)፣ ማለትም የቤት ወርክሾፕ የዘወትር ሥራ፣ በቶርኖ የሚያልቁ ናቸውና።

ከማሽኑ በፊት የሚመረመረው ቤቱ ነው። የመኖሪያ ቤት ቆጣሪ በአብዛኛው ባለ አንድ ፌዝ፣ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ሲሆን የፋብሪካ ማሽኖች ደግሞ 380 ቮልት ባለ ሦስት ፌዝ ይፈልጋሉ። 1.5 ኪሎ ዋት ሞተር ያለው ቶርኖ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ከሚስበው የኤሌክትሪክ ምጣድ ያነሰ ኃይል ይወስዳል፤ ይሁን እንጂ ሞተር በሚነሣበት ቅጽበት የሚስበው ከረንት ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ስለሆነ እንጀራ እየተጋገረ ቶርኖ ማስነሣት ብሬከር ሊጥል ይችላል። ባለ ሦስት ፌዝ ማሽን ልቡ የፈቀደ ገዢ የሞተሩን ታርጋ አጎንብሶ ማንበብ አለበት። «220/380» የሚል ከሆነ፣ ሞተሩ በዴልታ (በሦስት ማዕዘን አያያዝ) ተያይዞ፣ አንድ ፌዝ ተቀብሎ ሦስት ፌዝ 220 ቮልት በሚያወጣ ፍሪኩዌንሲ ኢንቨርተር ቤት ውስጥ በደንብ ይሠራል። «380/660» የሚል ከሆነ ግን በዚህ መንገድ ሙሉ ጉልበቱን ስለማይሰጥ ወይ ሞተር መቀየር ወይ ባለ ሦስት ፌዝ ቆጣሪ ማስገባት አብዛኛውን ጊዜ ያስፈልጋል። ለ60 ኸርዝ የተሠራ የአሜሪካ ሞተርም በእኛ መስመር ፍጥነቱ በስድስት እጅ አንድ እጅ ይቀንሳል፤ 110 ቮልት ከሆነ ደግሞ ትራንስፎርመር ይጨመርበታል።

መብራት ሄዶ ሲመለስ በራሱ የሚነሣ ማሽን እጅ ይቆርጣል። ስለዚህ የትኛውም ማሽን ቢመረጥ፣ ኃይል ሲቋረጥ ተላቆ ሰው ዳግም ቁልፉን እስኪጫን የማይዘጋ ኮንታክተር (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ሊኖረው፣ መሬት የሚገባው ሽቦም በትክክል ሊታሰር ይገባል። ይህ ወጪ ከማሽኑ ዋጋ ጋር ሲተያይ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ወለሉና በሩ ቀጥሎ ይመጣሉ። በሊሾ የተሠራ የሰርቪስ ቤት ወለል ለመካከለኛ ቶርኖ ይበቃል፤ ኮንዶሚኒየም ፎቅ ላይ ለሚኖር ሰው ግን በክብደቱም፣ በድምፁም፣ ከጎረቤት ጋር ባለው ሰላምም የተነሣ ከትንሹ የጠረጴዛ ቶርኖ በላይ አልመክርም። ተከራይ የሆነ ሰው ሌላም ነገር ማሰብ አለበት፤ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ከፒያሳና ከካዛንችስ ብዙ ቤተሰብ በአጭር ጊዜ ሰፈር የቀየረ በመሆኑ፣ ያለ ክሬን የማይነቃነቅ ማሽን በኪራይ ቤት መትከል ከባድ ውሳኔ ነው።

ትንሹ የጠረጴዛ ቶርኖ አብዛኛውን ጊዜ የቻይና ሥሪት ሲሆን፣ እስከ 180 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ያዞራል፣ በሁለቱ ጫፎች መካከል 300 ወይም 350 ሚሊ ሜትር ይይዛል፣ ክብደቱም 40 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ለናስ፣ ለአልሙኒየምና ለቀጫጭን የብረት ሥራዎች ያስደስታል፤ ለተማሪም የተመቸ ነው። ድክመቱ ጎልቶ የሚታየው 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት ሊበጥሱበት ሲሞክሩ ነው፦ መሣሪያው ይንቀጠቀጣል፣ ብረቱ ይጮኻል፣ የተቆረጠው ፊትም እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ይሸነተራል። ፍጥነቱ በኤሌክትሮኒክስ ስለሚቀነስ ቀስ ሲል ጉልበቱም አብሮት ይወድቃል፤ በብዙዎቹ ውስጥ ያሉት የፕላስቲክ ጥርሶችም መሣሪያ ሲነከስ ቀድመው ይሰበራሉ።

ጥምር ማሽኑ ቦታ ለጠበበው ሰው ከሁሉም ይበልጥ የሚያጓጓ ነው፤ እኔ ግን የመጨረሻ ምርጫ አደርገዋለሁ። የቶርኖው ተንሸራታች ለፍሬዛው ጠረጴዛ ሆኖ ስለሚያገለግል በቻክ (ሥራውን ይዞ በሚያዞረው መንጋጋ) የተያዘ ሥራ ሳያልቅ ወደ ፍሬዛ መሄድ አይቻልም፤ አንዱን ማስተካከል ሌላውን ማፍረስ ነው። ጠረጴዛው ወደ ላይና ወደ ታች ስለማይሄድም ከፍ ያለ ሥራ ከነሞርሳው አይገባም። ሻጩ የሚያዞረውን ትልቅ ዲያሜትር ሲያሞግስ፣ ገዢው ዝቅተኛው ፍጥነት ስንት እንደሆነ ይጠይቅ። 30 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ተራ ብረት በሃይስፒድ ስቲል (ሙቀት በሚችል ጠንካራ ብረት) መሣሪያ በደቂቃ 25 ሜትር ለመቁረጥ በደቂቃ ወደ 265 ዙር ይበቃል፤ 150 ሚሊ ሜትር የሆነ የጊዛ (ቀልጦ የተቀረጸ ብረት) ፍላንጅ በደቂቃ 20 ሜትር ለመቁረጥ ግን ዙሩ ወደ 42 መውረድ አለበት። ዝቅተኛው ፍጥነቱ ከ100 ዙር በላይ የሆነ ማሽን ሰፊ ሥራ ቢገባበትም በዚህ መሣሪያ አይቆርጠውም።

በሰርቪስ ቤት ለሚሠራ የግቢ ባለቤት ቅድሚያ የምሰጠው 250 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚያዞረውን መካከለኛ ቶርኖ ነው። በቺንጋ (በቀበቶ) ወይም በጥርስ ፍጥነት የሚቀይር ስለሆነ ዙሩ ሲቀንስ ጉልበቱ አይከዳም፣ በባለ አንድ ፌዝ ሞተር ይገኛል፣ ሲፈታታም በተራ በር ይገባል።

ያገለገለው ከባድ ቶርኖ በገንዘብ ልክ ከሁሉም የበለጠ ብረት ይሰጣል፤ ለመግዛት ግን ማወቅን ይጠይቃል። በመጀመሪያ ካሬጁን (መቁረጫውን ተሸክሞ የሚንሸራተተውን ክፍል) ወደ ቻኩ አስጠግቶ ማጥበቂያውን ልክ ማድረግና ወደ ቴልስቶክ (ከቻኩ ትይዩ ጫፍ ላይ ያለው ድጋፍ) በኩል መግፋት ነው፤ እየሄደ የሚነክስ ከሆነ ቤዱ (ካሬጁ የሚሄድበት ሐዲድ) ዘወትር ሥራ በሚሠራበት በቻኩ በኩል ተበልቷል ማለት ነው። ቀጥሎ ረጅም ብረት በቻክ ይዞ፣ የዳያል ጌጁን (ጥቃቅን እንቅስቃሴ የሚያሳየውን መለኪያ) ጫፍ በቻኩ ሥር አሳርፎ፣ ብረቱን ወደ ላይ ማንሣት ነው፤ መርፌው ከ0.03 ሚሊ ሜትር በላይ ከዘለለ ኩሽኔታው መጥበቅ ወይም መቀየር ይፈልጋል። በመጨረሻም 30 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት ያለ ቴልስቶክ ድጋፍ ወደ 120 ሚሊ ሜትር አስወጥቶ መያዝ፣ በሁለቱ ጫፎች ላይ ሁለት ቀለበት አስቀርቶ መካከሉን ዝቅ ማድረግ፣ ሁለቱንም ቀለበቶች በአንድ ቀላል ምት ቆርጦ በማይክሮሜትር መለካት ነው። ልዩነቱ ከ0.02 ሚሊ ሜትር ካላለፈ ለቤት ሥራ በቂ ነው። ካለፈም ወዲያው ጥሎ መሄድ አይገባም፤ ማሽኑ ባልተስተካከለ ወለል ላይ ተቀምጦ ቤዱ ስለተጠመዘዘ ብቻ ሊሆን ይችላልና እግሩ ሥር ቀጭን ላሜራ ጨምሮ እንደገና መለካት ይገባል። ይህን ሙከራ የሚከለክል ሻጭ ጋር መደራደር አያስፈልግም።

ወደ ፍሬዛው ስንመጣ ዋናው ልዩነት ያለው በምሰሶው ላይ ነው። ክብ ምሰሶ ያለው ፍሬዛ ይረክሳል፤ ነገር ግን ፑንታ (የመብሻ ጫፍ) በረዘመ ቁጥር መሣሪያውን የሚይዘው የማሽኑ ራስ ከፍ ሲደረግ ዙሪያውን ስለሚዞር ቀድሞ የተገኘው መሀል ይጠፋል፣ እንደ አዲስም መፈለግ ያስፈልጋል። ማዕዘን ባለው ምሰሶ ላይ በሐዲድ የሚወጣና የሚወርደው ግን መሀሉን እንደያዘ ስለሚቆይ የዋጋ ልዩነቱ ይገባዋል። በስፒንድሉ (መሣሪያውን ይዞ በሚሽከረከረው ዘንግ) ቀዳዳም ላይ ምርጫ አለ፦ አር 8 መሣሪያውን በቀላል ምት ይለቃል፤ ሞርስ 3 በራሱ የመቆለፍ ጠባይ ስላለው ጠንከር ያለ ምት ይጠይቃል፣ ጥቅሙ ግን ሞርስ እጀታ ያላቸውን የትልልቅ ትራፓኖዎች ፑንታ መቀበሉ ነው።

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ብር በእጅጉ ስለረከሰ የማሽን ዋጋ እዚህ መጻፍ ጥቅም የለውም። የሚጠቅመው ገንዘቡን ሁሉ በማሽኑ ላይ አለመጨረስ ነው፤ ባለ አራት መንጋጋ ቻክ፣ የትራፓኖ ቻክ፣ ማይክሮሜትር፣ ዳያል ጌጅ፣ ግራይንደርና የመቁረጫ መሣሪያዎች ተደምረው የትንሹን ቶርኖ ዋጋ ሊስተካከሉ ይችላሉ። የልምምድ ብረት ግን ከምናለሽ ተራ ቁርጥራጭ ሊገዛ ይችላል።

ፍሬዛው እስኪገዛ የሚቸግረው ብዙ ጊዜ በፑሊ ውስጥ የሚወጣው የኪ ቦይ (ፑሊንና ሻፍትን የሚያቆላልፈው ቁራጭ ብረት የሚገባበት) ነው፤ ለዚህም መፍትሔ አለ። ቶርኖው ከኤሌክትሪክ ይነቀላል፣ ስፒንድሉ እንዳይዞር ይታሰራል፣ በቦዩ ስፋት የተሞረደው መሣሪያ በጎኑ ይገጠማል፣ ከዚያም ካሬጁን በእጅ ወደፊትና ወደኋላ እየገፉ በእያንዳንዱ ምልልስ ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ መፋቅ ነው። ትዕግሥት ይጠይቃል፤ የሚወጣው ቦይ ግን ቀጥ ያለና ኪውን አጥብቆ የሚይዝ ነው።