ዌብሶኬትስ ወይስ ዌብሶኬት-ክላየንት? ከፓይተን ስክሪፕት ደህንነቱ የተጠበቀ ግንኙነት ለመክፈት

ዌብሶኬት ስክሪፕትና ሰርቨር በሁለቱም አቅጣጫ መልእክት የሚለዋወጡበት ክፍት መስመር ነው፤ ዌብሶኬትስ (websockets) እና ዌብሶኬት-ክላየንት (websocket-client) ደግሞ ይህን መስመር የሚከፍቱ ሁለት የፓይተን ፓኬጆች ናቸው። አንድ መልእክት ልኮ፣ መልሱን ተቀብሎ ለሚዘጋ አጭር ስክሪፕት ዌብሶኬት-ክላየንት ይበቃል። ኮዱ ከላይ ወደ ታች በተራ ይሄዳል፤ አሲንክ (ብዙ ሥራዎችን እያፈራረቁ የማስኬድ ዘዴ) የሚባል ጣጣ የለበትም። ሲጭኑት ግን ስሙን ከነ«ክላየንት» ይጻፉ፤ ያለዚያ ሌላ ፓኬጅ ይገባና ግንኙነት መክፈቻው ተግባር «የለም» የሚል ስህተት ይመጣል። የጊዜ ገደብም ይስጡት፤ ካልሰጡት ሰርቨሩ ዝም ሲል ስክሪፕቱም ተገትሮ ይቀራል።

ለሰዓታት ክፍት ለሚቆይ ወይም ብዙ ግንኙነት ለሚይዝ ሥራ ዌብሶኬትስ ይሻላል። በየ20 ሰከንዱ ራሱ ፒንግ፣ ማለትም «አለህ?» የሚል አጭር መልእክት ይልካል፤ በ20 ሰከንድ ውስጥ ምላሽ ካጣ ግንኙነቱን ይዘጋል። ስለዚህ በአሲንክ ኮድ መሃል ኮዱን ለተወሰነ ጊዜ የሚያስቆመውን ተራውን «ታይም ስሊፕ» (time.sleep) ማስገባት መዘዝ አለው፦ ሥራዎቹን የሚያፈራርቀውን ሉፕ ይይዘውና ፒንጉም ምላሹም ይቆማሉ። ከ1 ሜጋባይት የሚበልጥ መልእክት ከመጣ ደግሞ በ1009 ኮድ (መልእክቱ ከመጠን በላይ ትልቅ ነው በሚል) ግንኙነቱ ይዘጋል፤ ገደቡን ከፍ ማድረግ ግን ይቻላል።

ሰርቨሩ ማንነቱን የሚያሳይበትን ሰርተፊኬት ሁለቱም ፓኬጆች ሳይነገራቸው ይፈትሻሉ። በታወቀ ድርጅት ሳይሆን በራሱ በባለቤቱ የተፈረመ ሰርተፊኬት ሲገጥም ፍተሻውን ማጥፋት ይቀናል፤ ያኔ መስመሩ ቢመሰጠርም ከማን ጋር እንደሚነጋገሩ አያውቁም። ይልቅ የሰርተፊኬቱን ፋይል መገኛ ለስክሪፕቱ ይስጡት።