ግሉምሄቨን፦ ጆውስ ኦፍ ዘ ላየን፣ ደሴ ላይ ከወራት ጨዋታ በኋላ

ይህን ቦርድ ጌም (ጠረጴዛ ላይ የሚጫወቱት ጨዋታ) ከያዝነው ወራት አልፈዋል፤ አሁን ስለሱ አፌን ሞልቼ መናገር እችላለሁ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ነው፣ የሠራው አይዛክ ቻይልድረስ። በ2017 የወጣው ዋናው ግሉምሄቨን ወደ 10 ኪሎ ስለሚመዝን ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ «ይዘህልኝ ና» ማለት ያሳፍራል። ይሄኛው ግን ሻንጣ ውስጥ ይገባል፣ እኛ ጋም የደረሰው እንደዚያ ነው።

እዚህ ጨዋታ ላይ እርስ በርስ መሸናነፍ የለም። ከ1 እስከ 4 ሰው ይጫወተዋል፣ ሁሉም አንድ ወገን ነው፣ ጠላቶቹን የሚያንቀሳቅሳቸው ካርድ ነው። ግሉምሄቨን በምትባል ከተማ ሰው እየጠፋ ነው፤ እናንተ ነገሩን የምታጣሩ ቅጥር ተዋጊዎች ናችሁ። 25 ተልዕኮዎች አሉት። ዛሬ ያገኛችሁት ገንዘብ፣ የገዛችሁት ዕቃ፣ የደረሳችሁበት ደረጃ ለሚቀጥለው ማታ ይተርፋል። ተሸንፋችሁም ገንዘቡና ልምዱ አይወሰድባችሁም፣ ይሄም፣ ተልዕኮ ደጋግሞ ለሚጥለው ቡድን ትልቅ ነገር ነው።

እኛ ሦስት ነን። እኔ፣ ኮምቦልቻ የሚያስተምሩ ጎረቤታችን፣ እና ነርስ የሆነችው የአክስቴ ልጅ። የምንገናኘው እኛ ቤት ነው፣ ረመዳን ላይ ደግሞ ከተራዊህ በኋላ።

ዳይስ የለውም። በየዙሩ ሁለት ካርድ ትመርጣለህ፤ የአንዱን የላይኛውን ግማሽ፣ የሌላውን የታችኛውን ትጠቀማለህ። ካርድህ ሲያልቅ አርፈህ የተጠቀምክባቸውን ትመልሳለህ፣ ባረፍክ ቁጥር ግን አንድ ካርድ ለዚያ ተልዕኮ ከጨዋታ ይወጣል። ስለዚህ ጠላት ባይነካህ እንኳ አቅምህ እያለቀ ነው። ከባድ ምት ሲመጣብህ ደግሞ ከእጅህ አንድ ካርድ ሰውተህ ጉዳቱን መሰረዝ ትችላለህ። የጨዋታው ልብ ያለው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

አንድ ማታ ጎረቤታችን በሬድ ጋርድ ገጸ ባህሪያቸው በር ዘግተው ቆመዋል፣ ደማቸው ሊያልቅ ነው፣ ጠላት 4 ጉዳት አወረደባቸው። እጃቸው ላይ ያለው ደግሞ ከመጀመሪያው ዙር ጀምረው ለመጨረሻው ጭራቅ ያስቀመጡት ካርድ ነው። አገላብጠው አዩት፣ እኛን አዩን፣ «ይሂድ በቃ» ብለው ጣሉት። በሚቀጥለው ዙር የአክስቴ ልጅ በቮይድዋርደን ገጸ ባህሪዋ ደርሳ ፈወሰቻቸው፤ ጠላትም በሩን ሳያልፍ ተልዕኮው አለቀ። ሦስታችንም ጮህን፣ እናቴ ከጓዳ «ምን ሆናችሁ?» ብላ ወጣች።

ከሁሉም በላይ የወደድኩት ደግሞ የንግግር ደንቡን ነው። በካርድህ ላይ ያለውን ፍጥነትም ሆነ የምት መጠን በቁጥር መናገር አይፈቀድም። «ቀድሜ እገባለሁ»፣ «ትንሽ ቆይ» ማለት ትችላለህ፣ ከዚያ አያልፍም። ሌሎች የትብብር ጨዋታዎች ላይ አንድ ሰው አለቃ ሆኖ ሁሉንም ያዛል፣ ሌላው እጁን ያንቀሳቅስለታል። እኛ ዘንድ ደግሞ ትልቅ ሰው ከተናገረ ታናሽ ዝም ይላል። እዚህ ግን የአክስቴን ልጅ ካርድ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። «ጋሼ፣ አንቱ በሩን ያዙ፣ እኔ ቆየት ብዬ እደርሳለሁ» ትላለች፣ እሳቸውም ያምኗታል። በዕድሜ ታናሻችን የሆነችው ልጅ ስንት ማታ አድናናለች።

ለመጀመር ቀላል ነው። ካርታ መገጣጠም የለም፤ ባለጥምዝ ሽቦውን መጽሐፍ ጠረጴዛ ላይ ትዘረጋለህ፣ ገጹ ራሱ የውጊያ ሜዳ ነው። የመጀመሪያዎቹ 5 ተልዕኮዎች ደንቡን ቀስ በቀስ ያስተምራሉ። ከዚህ ሁሉ ወር በኋላም ሽቦው አልላላም፣ ካርዶቹም አልተላጡም። ስኒ ግን ጠረጴዛ ላይ አይወጣም፣ ቡናው መሬት ላይ ነው የሚጠጣው።

ቅር ያለኝም አለ። ጽሑፉ በሙሉ እንግሊዝኛ ነው፣ ስለዚህ ከመካከላችሁ ደህና አድርጎ የሚያነብ አንድ ሰው የግድ ያስፈልጋል። ታሪኩን እኔ በአማርኛ ነው የምነግራቸው፣ ደስ ይለኛል፣ ግን ማታውን ያስረዝመዋል፤ አንድ ተልዕኮ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጅብናል። ሳጥኑ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ነገሮች ብዛታቸው አይጣል ነው፣ ማደራጃው አይበቃቸውም፤ የአክስቴ ልጅ ክኒን የሚሰጥበትን ትንንሽ ላስቲክ አምጥታ ለየብቻ ቋጠረቻቸው፣ ከዚያ ወዲህ ቶሎ እንጀምራለን። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ተራው ጭራቅ ነጭ መቆሚያ፣ ጠንካራው ቢጫ መቆሚያ ላይ ነው የሚቆመው፣ በሻማ ብርሃን ሁለቱ አይለዩም። ጠንካሮቹ ላይ ክር አሰርንባቸው።

ማን ይግዛው? ቋሚ ጓደኛ ያለው። ዛሬ መጥቶ ነገ ለሚቀር ሰው አይሆንም፣ ታሪኩም ደረጃውም ያልፈዋል። ለሁለት ሰው ጥሩ ነው፣ በአራት ሰው ተራ እስኪደርስ ይረዝማል፣ ለእኔ ሦስት ልኩ ነው። ከከበዳችሁ የተልዕኮውን የክብደት ደረጃ በአንድ ቀንሱት፣ ደንቡ ራሱ ይፈቅዳል።

እኛ ጥቂት ተልዕኮ ቀርቶናል። ሲያልቅ ከሳጥኑ ያልነካነው አንድ ገጸ ባህሪ አለ፣ ዴሞሊሽኒስት፤ የሚጀምረው በ9 ካርድ ብቻ ነው፣ እንቅፋት እያፈረሰ ነው የሚዋጋው። ጎረቤታችን ከወዲሁ «እሱ የኔ ነው» ብለው ይዘውታል።