ጨረቃን ግቢዬ ድረስ ያመጣው ቴሌስኮፕ

ደሴ ውስጥ ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ። እንጀራዬ ከሌንስ ጋር ነው። ስለዚህ ይህን ባለ 70 ሚሊሜትር ቴሌስኮፕ ገዝቼ ሳመጣው እንደ ካሜራ ሌንስ አጥብቄ ነው የፈተሽኩት።

ከጉድለቱ ልጀምር። ካርቶኑ ላይ «525 ጊዜ ያጎላል» ተብሎ ተጽፏል። አትመኑት። በዚህ ስፋት ባለው መስታወት ከ140 ጊዜ በላይ ካጎላችሁ የምታዩት ብዥታ ነው። እኔ በ28 እና በ70 ጊዜ ነው የምጠቀመው፤ ይበቃል። ትራይፖዱ ስስ አሉሚኒየም ስለሆነ ነፋስ ሲነሳ ይንቀጠቀጣል። መሃሉ ላይ ድንጋይ የሞላ ከረጢት አንጠልጥዬ አደብ አስገዛሁት። በክረምት አትድከሙ፣ የደሴ ጉም ምንም አያሳያችሁም። ፀሐይን ደግሞ በፍጹም እንዳታዩበት፤ ዓይን ያጠፋል።

ጨረቃን ግን እዩ! ሙሉ ስትሆን ሳይሆን ግማሽ ስትሆን። ፎቶ አንሺ ይሄን ያውቃል፤ ፊት ለፊት የመጣ ብርሃን መልክን ጠፍጣፋ ያደርገዋል፣ የጎን ብርሃን ግን ጉብታና ጉድጓዱን ያወጣዋል። ጨለማና ብርሃኑ የሚገናኙበት መስመር ላይ እያንዳንዱ ጉድጓድ ጥላውን ጥሎ ታገኙታላችሁ። የጁፒተር አራት ጨረቃዎችም ጥርት ብለው ይታያሉ።

አንድ ማታ ጎረቤቴ ሐጂ መጡ። ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ብዙ ቆዩ። «ሱብሃነላህ» አሉ። ከዚያ ወደኔ ዞረው፣ «ሰው እዚያ ድረስ ሄዶ ምን አመጣ? ያ ሁሉ ገንዘብ ለተራበ ቢሰጥ አይሻልም ነበር ልጄ?» አሉኝ።

ሐጂ የ66ቱን ረሃብ በዓይናቸው ያዩ ሰው ናቸው። ሰው ለመጨረሻ ጊዜ ጨረቃን የረገጠው በታህሳስ 1965 ነው። ወሎ ውስጥ ሰው በረሃብ በሚረግፍበት በዚያው ዘመን። ያማል። ግን ወገናችንን የጨረሰው የጨረቃ ወጪ አይደለም። ረሃቡ ስለተደበቀ ነው ያለቀው። ዛሬም የአሜሪካ መንግሥት ከሚያወጣው ከእያንዳንዱ 100 ዶላር ለጠፈር ድርጅቱ ለናሳ የሚደርሰው 50 ሳንቲም አይሞላም። የሰው ጉዞ ደግሞ የዚያ ከፊሉ ነው። እኔ ይጨመር ባይ ነኝ።

ሮቦት ይበቃል የሚሉ አሉ። ሮቦቱም ሳተላይቱም ይሂድ። የኛዋ የመጀመሪያ ሳተላይት በታህሳስ 2012 ከቻይና ስትመጥቅ እኔም ደስ ብሎኛል። ግን በዚያ በ1965ቱ የመጨረሻ የጨረቃ ጉዞ፣ በአፖሎ 17፣ የሄደው ሃሪሰን ሽሚት የጂኦሎጂ ምሁር ነበር። ጨረቃ ላይ ሲራመድ በግራጫው አፈር መሃል ብርቱካናማ አፈር አይቶ ቆመ። ተጠንቶ ሲታይ ከጥንት እሳተ ገሞራ የወጣ ደቃቅ መስታወት ሆነ። ያስቆመው የሰለጠነ የሰው ዓይን ነው።

በዚያው ጉዞ፣ ኅዳር 28 ቀን 1965 ዓ.ም.፣ ጠፈርተኞቹ በሃሰልብላድ ካሜራ ምድርን ሙሉ ክብ አድርገው አነሷት። አፍሪካ ወለል ብላ ትታያለች፤ ቀይ ባሕርም፣ የኛም ቀንድ አለ። ፎቶ ቤቴ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ሐጂን ወስጄ አሳየኋቸው። ጣታቸውን ወሎ ያለችበት አካባቢ አሳርፈው፣ «ያኔ እዚህ ነበርን» አሉ። ሌላ አልተናገሩም።

አሁን የረመዳንን አዲስ ጨረቃ ለመፈለግ ሻዕባን 29 ማታ ቴሌስኮፑን እንዳወጣ ቀጠሮ አስይዘውኛል። ምዕራቡን የጦሳ ተራራ ስለሚጋርደው ከፍ ያለ ቦታ እየፈለግኩ ነው።