«8ኬ» ሪሲቨር ልትገዙ ነው? ቆዩ አንዴ

ሪሲቨር ለመቀየር ያሰባችሁ ሰዎች፣ ካርቶኑ ላይ በትልቁ «8ኬ» የሚል ካያችሁ ለጊዜው ብር አታውጡ። ሻጩ «ምስሉ መስታወት ነው፣ በቃ ሌላ ነገር ነው» ይላችኋል። ዋጋውንም ከተራው ኤችዲ ሪሲቨር እጥፍ አድርጎ ይጠራል። ታናሽ ወንድሜ አንዱን ገዝቶ ቤት ይዞት መጣ። ሪሞቱን ተቀብዬ ሜኑ ውስጥ ገባሁና «ቪዲዮ ሪዞሉሽን» የሚለውን ከፈትኩት። 576፣ 720፣ 1080። አለቀ። ከ1080 በላይ ምንም ምርጫ የለም። 8ኬ የሆነው ካርቶኑ ብቻ ነው።

ቁጥሩን እንየው። 8ኬ ማለት በአግድም 7680፣ በቁመት 4320 ነጥብ ነው። ሲባዛ 33 ሚሊዮን ይሆናል። ኤስዲ የሚባለው ዝቅተኛ ጥራት ያለው ቻናል የሚልክላችሁ ግን 720 በ576 ነው፤ ወደ 415 ሺህ ነጥብ። ልዩነቱ 80 እጥፍ ነው። ስለዚህ ዕቃው በእውነት 8ኬ ቢሆን እንኳ ከ80ው ነጥብ 79ኙን በግምት ነው የሚሞላላችሁ። ሙሉ ኤችዲ የሚባለውም 1920 በ1080፣ ማለትም 2 ሚሊዮን ነጥብ ነው። ጣቢያው ያልላከውን ሪሲቨር ከየት ያመጣዋል?

እውነተኛ 8ኬ ስርጭት በዓለም ላይ አለ። የጃፓኑ የሕዝብ ቴሌቪዥን ኤንኤችኬ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 1 ቀን 2018 የ8ኬ ቻናል በሳተላይት ጀምሯል። ያ አንድ ቻናል በሰከንድ ወደ 100 ሜጋቢት ይፈልጋል፤ አንድ ትራንስፖንደር (ሳተላይቱ ላይ ቻናሎችን ተቀብሎ ወደ ምድር የሚልከው ክፍል) ለብቻው ይዞ ነው የሚሄደው። ወደ እኛ ጣሪያ እንመለስ። ቻናል ስታስሞሉ 27500 የሚለውን ቁጥር ሳታዩ አልቀራችሁም። ሲምቦል ሬት ነው፤ ሲግናሉ ዳታ የሚያመጣበት ፍጥነት ማለት ነው። በመጀመሪያው የዲቪቢ ኤስ (የዲጂታል ሳተላይት ስርጭት) አሰራር፣ ኤፍኢሲው 3/4 ሲሆን፣ ማለትም ከአራት ቢት አንዱ ለስህተት ማረሚያ ሲውል፣ ትራንስፖንደሩ በጠቅላላ የሚሸከመው 38 ሜጋቢት ገደማ ነው። አስር ቻናል ከተጋራው ለእያንዳንዱ 4 እንኳ አይደርስም። ኳስ ስታዩ ካሜራው ሲሮጥ ሳሩ የሚጨማለቀው በዚህ ምክንያት ነው። ምስሉ የተጨመቀው ጣቢያው ጋ ነው፤ ከእናንተ ቤት ሆኖ የሚፈታው ዕቃ የለም። በዲሽ የምናያቸው የሀገር ውስጥ ቻናሎች ደግሞ ኤስዲ ወይም ኤችዲ ናቸው እንጂ 8ኬ የሚያሰራጭ አንድም የለም።

ከዚህ የባሰ የሚያናድደኝ የኤልኤንቢው፣ ዲሹ ፊት የምትታሰረው ሲግናል ተቀባይ ዕቃ፣ ነገር ነው። ሁሉም ዲሽ ሰሪ እንዲህ ነው አልልም፤ ሐቀኛ ልጆች አውቃለሁ። ግን አንዳንዱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ይወርድና «ምስሉ የደበዘዘው ኤልኤንቢው አርጅቶ ነው፣ 0.1 ዲቢ የሚለውን ላምጣላችሁ» ይላል። ቁጥሩ ኤልኤንቢው ራሱ የሚጨምረው ጫጫታ ነው፣ ሲያንስ ይሻላል። ግን ስቲከር ላይ 0.1 መጻፍ ማንንም አይቸግርም፤ የሚለካው የለም።

በድሮው አንቴና ጊዜ ቢሆን ያስኬድ ነበር። አናሎግ ሲግናል ሲደክም ምስሉም አብሮ ይደክማል፤ ስክሪኑ በረዶ በበረዶ ይሆናል፣ ቀለሙ ይጠፋል። ዲጂታል እንዲህ አይደለም። ሪሲቨሩ በመንገድ ላይ የተበላሸውን ዳታ ያርማል። ማረም እስከቻለ ድረስ የምታዩት ምስል ጣቢያው የላከው ራሱ ነው። ማረም ሲያቅተው ምስሉ ካሬ ካሬ ይሆናል፣ ይቆማል፣ ወይም «ኖ ሲግናል» ይላል። መሃል ላይ «ትንሽ ደብዘዝ» የሚባል ደረጃ የለውም። ስለዚህ ምስሉ ሳይቆራረጥ የደበዘዘበት ሰው ኤልኤንቢ ቢቀይር ምንም አያገኝም።

የሚቆራረጥባችሁ ከሆነ ሪሞቱ ላይ «ኢንፎ» ተጫኑ። ሁለት መስመር ይመጣል። ማየት ያለባችሁ «ኳሊቲ» የሚለውን ነው። «ስትሬንግዝ» ዲሹ ወደየትም ቢዞር ከፍ ብሎ ሊታይ ይችላል፣ የኤልኤንቢውን የራሱን ጫጫታም ይቆጥራልና። ኳሊቲው ዝቅ ካለ መጀመሪያ ዲሹን አስተካክሉ፣ የገመዱን ጫፍ እዩ። በክረምት ዶፍ ሲጥል ለጥቂት ደቂቃ መጥፋቱ ግን የተለመደ ነው። እነዚህ ሲግናሎች ከ10.7 እስከ 12.75 ጊጋኸርትዝ ባለው ክልል የሚመጡ ናቸው፤ ከባድ ዝናብ ይውጣቸዋል።

ምስሉን በእርግጥ የሚለውጥ አንድ ርካሽ ነገር አለ፤ ገመዱ። ብዙ ቤት ኤችዲ ሪሲቨር ገዝተው በቢጫ፣ ቀይና ነጭ ገመድ ነው የሚያገናኙት። ምስሉ የሚያልፈው በቢጫዋ ነው። ብርሃኑም ቀለሙም ባንዲት ሽቦ ተደባልቆ ስለሚሄድ ቲቪው መልሶ ሲለየው ይሳሳታል። ቀይ ልብስ የለበሰ ሰው ሲቀርብ ጠርዙን ልብ ብላችሁ እዩት፣ ጥቃቅን ነጥቦች ይርመሰመሳሉ። በዚያ ላይ ያ ገመድ ከኤስዲ በላይ አያሳልፍም። ኤችዲኤምአይ ሰክታችሁ ሪዞሉሽኑን 1080 ላይ አድርጉት። ተራው ገመድ ይበቃል፤ «ወርቅ የተቀባ ነው» ለሚላችሁ ጆሮ አትስጡ።

ሪሲቨር መቀየር የሚያስፈልገው የድሮው ሪሲቨር ኤችዲ ቻናል አልከፍት ካላችሁ ነው። ያኔ ከዕቃው ዝርዝር ውስጥ «ዲቪቢ ኤስ2» (አዲሱ የሳተላይት ስርጭት አሰራር) እና «ኤች.265» (አዲሱ የቪዲዮ መጭመቂያ) የሚሉትን ፈልጉ። እውነተኛ 4ኬ የሆነው ሜኑው ላይ 2160ፒ የሚል ምርጫ ይኖረዋል። «የአንድ ዓመት ሰርቨር በነፃ» (የተዘጉ ቻናሎችን በኢንተርኔት የሚከፍት) ለሚለው ደግሞ ሳንቲም አትጨምሩ። የተሰረቀ ስርጭት ነው፤ በነጋታው ቢዘጋ አቤት የምትሉበት የለም።

ቲቪ ላይም ይኸው ቁማር አለ። 32 ኢንች ላይ «4ኬ» የሚል ካያችሁ ተጠራጠሩ። ርካሾቹ አብዛኞቹ ስክሪናቸው 1366 በ768 ነው። «4ኬ ሰፖርትድ» ማለት 4ኬ ፋይል ይከፍታል ማለት ነው፤ ከፍቶ ግን አሳንሶ ነው የሚያሳየው። ሻጩን የስክሪኑን ነጥብ ብዛት በቁጥር ጠይቁት፣ ከሞዴሉ ጋር ደረሰኙ ላይ እንዲጽፈው አድርጉ። ሪሲቨር ከሆነ ደግሞ እዚያው ሱቅ ውስጥ አሰክታችሁ ሜኑውን በእጃችሁ ክፈቱ። «ካርቶኑን መክፈት አይቻልም» ካለ ቀጣዩ ሱቅ ሂዱ።