ልጄን ማቀድ ላስተማሩት መምህርት

ይህን የምጽፈው የልጄን አስጠኚ ለማመስገን ነው። ጥሩ አስጠኚ የሚፈልግ ወላጅ ካለም ሳላመነታ እሳቸውን እጠቁማለሁ።

ልጄ ስድስተኛ ክፍል ነው። ትምህርቱ አይከብደውም። የሚያስቸግረው የቤት ሥራ መጀመር፣ የጀመሩትን መጨረስ፣ ደብተር አለመርሳት ነበር። "ሰነፍ ነው" ያላለው ሰው የለም። መምህርቷ ግን ይህን ቃል አልተቀበሉም። ማቀድ፣ ትኩረትን መግዛት፣ መመሪያን በአእምሮ ይዞ መሥራት፣ አንዱ መንገድ እምቢ ሲል ሌላ መሞከር በልምምድ የሚያድጉ ችሎታዎች ናቸው አሉን። ይህን ሁሉ በዋናነት የሚመራው የፊተኛው የአንጎል ክፍል እድገቱን የሚጨርሰው በ20ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ አካባቢ እንደሆነም አስረዱን። በዚህ ዕድሜ የትልቅ ሰው ሥርዓት መጠበቅ ለካ ከባድ ነው።

መመሪያ የሚሰጡት አንድ በአንድ ነው። ረጅም ሥራ ሲመጣ ከማስረከቢያው ቀን ወደ ኋላ እየቆጠሩ አብረውት ይከፋፍሉታል። ከመጀመሩ በፊት "ስንት ደቂቃ ይፈጅብሃል?" ብለው ግምቱን ያስጽፉታል። ሲጨርስ ከሰዓቱ ጋር ያስተያየዋል። ሂሳብ ሲያሳዩት ደግሞ የሚያስቡትን ጮክ ብለው ይናገራሉ፦ "እዚህ ጋ ግራ ገባኝ፤ እስቲ ጥያቄውን እንደገና ላንብበው።" ይህን በጣም ነው የወደድኩላቸው። ልጅ ጎበዝ ሰው ሲቸገር ምን እንደሚያደርግ የት ያያል?

ከሁሉ በላይ የማመሰግናቸው ግን እገዛቸውን ቀስ በቀስ ስለቀነሱ ነው። መጀመሪያ ዕቅዱን እሳቸው ይጽፉ ነበር። ቀጥሎ እሱ ጻፈ፣ እሳቸው አዩለት። አሁን "ዛሬ ከምን ትጀምራለህ?" ብለው ብቻ ይጠይቁታል፤ የቀረውን ራሱ ይወጣዋል። እኛንም "ቦርሳውን አታዘጋጁለት። የሚይዘውን ዝርዝር በሩ ላይ ለጥፉና እሱ ይየው" አሉን። ዝም ብሎ ማየቱ ለእናት ቀላል አይደለም፤ ግን ሠርቷል።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። የቤት ሥራውን ሠርቶ የሚሰጥ አስጠኚ ከሆነ የምትፈልጉት፣ እሳቸው አይሆኗችሁም። ማርኩ በአንድ ጊዜ አይዘልም፤ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ፈቃዳቸውን ስላልጠየቅኩ ስማቸውን እዚህ አልጻፍኩም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። መምህርት፣ ይህን ካነበቡት፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ውለታዎ አለብኝ።