መንገድ ፊቱን የወሰደበትን ቤታችንን ያቆሙልን ጭቃ ሠሪዎች

ደብረ ብርሃን ውስጥ አሮጌ የጭቃ ቤት ያላችሁ፣ መንገድ ሲሰፋ ቤታችሁ የተነካባችሁ ወይም ሊነካባችሁ የደረሰ፣ ይህን አንብቡልኝ። እኛ ለአንድ ግድግዳ ሁለት ጊዜ ከፍለናል። የመጀመሪያው ባለሙያ አበላሸው። ሁለተኛዎቹ አዳኑት። የምጽፈው ስለ ሁለተኛዎቹ ነው።

ቤቱ የእናቴ ነው፤ ከእሷ በፊት የአያቴ ነበር። ምሰሶዎቹ የሐበሻ ጥድ ናቸው። ወደ መንገዱ የሚያይ በረንዳ ነበረው፣ ከላዩ ጥርስ ጥርስ እየተደረገ የተቀረጸ እንጨት የዞረው። እማዬ ገብስ የምታሰጣው፣ መንገደኛ የምታነጋግረው እዚያ ነበር። ግንቦት ላይ ግድግዳችን ላይ ቀይ ቀለም ተቀባ። በረንዳውና የፊተኛው ክፍል ግማሽ፣ በጠቅላላው 3 ሜትር ከ20፣ ወደ መንገዱ ገባ።

መንገዱ መስፋቱን አልቃወምም። ምጥ የያዛት ጎረቤታችን በቃሬዛ እስከ አስፋልቱ ስትወሰድ አይቻለሁ። ግን ቤትን የሚጎዳው የፈረሰው ክፍል ብቻ አይደለም። የሚታመመው የቀረው ነው። ሮለሩ ባለፈ ቁጥር ሲኒው ረከቦት ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ በዚያው ልክ ምርጉ ከማገሩ እየለቀቀ ነበር። ገረጋንቲ ተደልድሎ ኮብልስቶን ሲነጠፍ መንገዱ ከደጃፋችን በአንድ ክንድ ከፍ አለ። ድሮ ከደጅ ወደ መንገድ የሚወርደው ውሃ አሁን ከመንገድ ወደ ደጅ ይመጣል። ቦዩ ሲቆፈር ደግሞ የማዕዘኑ ምሰሶ እግሩ ተገለጠ። ካሳ የተተመነልን ለፈረሰው ብቻ ነው።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ሕንፃዎችንም ከቅርስ ይቆጥራል። የእኛ ዓይነት ቤት ግን የትኛውም መዝገብ ላይ የለም። አንኮበር ወጥቶ የምኒልክን ግቢ ያየ ሰው ይገባዋል፤ ከዚያ ሁሉ ቤተ መንግሥት የቀረው የድንጋይ ግድግዳ ነው። የንጉሥ ቤት እንዲህ ከሆነ የአያቴን ቤት ከእኛ በቀር ማን ያስብለታል?

ክረምቱ ሳይገባ ብለን ተጣደፍን። ሰኔ ላይ አንድ ግንበኛ የተቆረጠውን ፊት በጭቃ ዘግቶ ከላዩ በሲሚንቶ ለሰነው። ሲያዩት ያምር ነበር። ነሐሴ ላይ እማዬ በጣቷ ስታንኳኳው ባዶ ድምፅ ሰጣት። በሳምንቱ ሰፋፊ ቅርፊት እየሆነ ወደቀ። ከኋላው ጭቃው ርጥብ ነው፣ ማገሩ ሻግቷል። ጭቃ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሲሚንቶ ይህን አይችልም። ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ውሃ ያስገባል፣ የገባውን ደግሞ አፍኖ ይይዛል።

ሁለተኛዎቹን ጭቃ ሠሪዎች፣ ጋሼንና ሁለት ልጆቻቸውን፣ ያገኘናቸው በእማዬ የማኅበር ጓደኛ በኩል ነው። ጥቅምት መጀመሪያ ላይ መጡ። ጋሼ ስለ ገንዘብ ከማንሳታቸው በፊት ቤቱን ሁለት ጊዜ ዞሩት። እያንዳንዱን ምሰሶ በቢላ ጫፍ ወጋ ወጋ አደረጉት። ከዚያ ወደ እማዬ ዞረው፣ “እታለም፣ ይሄ ጥድ እኔንም ይቀብረኛል። የታመመው አንዱ ብቻ ነው” አሏት። ከግንቦት ወዲህ እማዬ ስትፈግግ ያየሁት ያን ቀን ነው።

የማዕዘኑን ምሰሶ በድጋፍ አንስተው የበሰበሰውን እግሩን ቆረጡና ጥቁር ድንጋይ ላይ አስቀመጡት። በፊተኛው ግድግዳ ሥር በሙሉ ድንጋይ ካቡ። በካቡና በመንገዱ መካከል ውሃ መውረጃ ቀደዱ። ይህን ያልነገርናቸውን ሥራ ባይሠሩ ኖሮ የቀጣዩ ክረምት ጎርፍ እንደገና ይበላው ነበር።

ጭቃው ደግሞ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። አፈሩን በመዳፋቸው እያሹ መረጡ። ጭዱን የጤፍ ካልሆነ አሉ፤ የእኛ ደጋ ገብስ እንጂ ጤፍ አያበቅልም፣ ስለዚህ ከቆላ የመጣ ገዛን። የገብስ ጭድ አገዳው ወፍራም ነው፣ ለልስን አይሆንም አሉን። ልጆቹ ሱሪያቸውን ጠቅልለው ረገጡት። ከዚያ 12 ቀን ተቦካ፤ በየሦስት ቀኑ ውሃ እየተጨመረ እንደገና ተረገጠ። ሽታው ከባድ ነው፣ ጎረቤት ቅር ብሎታል። ግን ሲመረግ እንደ ሊጥ ማገሩን አቅፎ ይይዛል።

የሚያስጨንቃቸው ውርጭ ነበር። ከተማችን ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፤ በኅዳር ሌሊት ያልደረቀ ጭቃ ውስጡ ያለው ውሃ በርዶ ይፈነዳል። ትንሹ ልጅ ማታ ማታ እየመጣ ግድግዳውን በጆንያና በሸራ ይሸፍነዋል። ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ይገልጠዋል። አንድም ቀን አላስታጎለም።

እማዬ የበረንዳውን ቅርጽ እንጨት ስብርባሪ አልጋ ሥር ደብቃው ነበር። ጋሼ ሲያዩት ዝም ብለው አቧራውን በእጃቸው ጠረጉት። ከስድስቱ ቁራጭ አራቱ ደህና ነበሩ። ከአዲሱ በር በላይ ገጥመው መቱት። ከመንገድ የሚያልፍ የሰፈር ሰው ቀና ብሎ አይቶት ቆም ይላል።

ጉድለታቸውን ልናገር። ሦስት ሳምንት ብለው ስድስት ሳምንት ወሰዱ። ደረሰኝ የላቸውም። ስልክ አያነሱም። የቆርቆሮ ሥራ አይነኩም፣ ለእሱ ሌላ ሰው መፈለግ ነበረብን። በጠቅላላው 68,000 ብር ወጣብን፣ ለሲሚንቶው ከከፈልነው 45,000 ሌላ። ቢሆንም ክረምቱ አልፏል፣ ግድግዳው ላይ አንዲት የፀጉር ያህል ስንጥቅ የለችም።

ቀይ ቀለም የተቀባባችሁ ካላችሁ፣ ኤክስካቫተሩ ሳይመጣ ጥሯቸው። ጣሪያውን ቀድመው በድጋፍ ቢይዙት የእኛ ቤት ያን ያህል ባልዘመመ ነበር። ቤቱንም ከውስጥ ከውጭ ፎቶ አንሱት፣ በሜትር ለኩት፣ ቅርጽ ያለውን እንጨት ሁሉ በእጃችሁ ንቀሉ። ጋሼን ቅዳሜ ገበያ፣ ጭድ ተራ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት በፊት ታገኟቸዋላችሁ።