የሚጣል ኤሌክትሮድ ወይስ የሚታጠብ? ጎንደር ላይ ላብራቶሪ ለምታደራጁ

ወተት የፈላበት ድስት ሳይታጠብ ካደረ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ደም የነካ ኤሌክትሮድም (በኤሌክትሪክ ሲግናል የሚለካው የመሣሪያው ክፍል) ከዚያ አይሻልም። በአንድ ሊትር የጤነኛ ሰው ሲረም (ደም ረግቶ የሚለየው ፈሳሽ) ውስጥ አልቡሚን የሚባለው ፕሮቲን ብቻውን ከ35 እስከ 50 ግራም ይሆናል። ኤሌክትሮዱ እንደተነከረ ፕሮቲኑ በሰከንዶች ውስጥ መለጠፍ ይጀምራል። ፊቱ በተሸፈነ ቁጥር ኤሌክትሮን ማለፊያ ያጣል፣ ሲግናሉም ይወርዳል። ባዮፋውሊንግ የሚሉት ይሄንን ነው። የሚያናድደው፣ ማሽኑ ብዙ ጊዜ ኤረር አያሳይም። ቁጥር ይሰጣል።

ባለፈው ክረምት አንድ ክሊኒክ "ሶዲየም እየዋለለብን ነው" ብሎ ጠራኝ። ያንኑ ሲረም ሁለቴ ለካነው፤ ሁለት የተለያየ መልስ ሰጠን። ክዳኑን ከፍቼ ቱቦውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ሳቀርበው ነጭ ክር የመሰለ ነገር ተጋድሞበታል። ፋይብሪን ነው፣ ደም ሲረጋ የሚሠራው የፕሮቲን ክር። ደሙ ረግቶ ሳያልቅ ሴንትሪፊውጅ (አሽከርክሮ የሚለየው ማሽን) ገብቷል ማለት ነው። ፔፕሲን (ፕሮቲን የሚፈጭ ኢንዛይም) ያለበት የፕሮቲን ማጽጃስ? ካርቶኑ ውስጥ፣ ከነማሸጊያው! አጠብን፣ የሶዲየሙን ኤሌክትሮድ ኮንዲሽን አደረግን (በራሱ ፈሳሽ መልሰን አዘጋጀነው)፣ ኪው ሲው (የጥራት መቆጣጠሪያ ናሙናው ውጤት) ወደ ቦታው ተመለሰ።

ስለዚህ ባለኤሌክትሮድ ኤሌክትሮላይት አናላይዘር (ሶዲየምን የመሰሉ የደም ጨዎችን የሚለካው ማሽን) ስትገዙ ማጠብንም አብራችሁ ገዝታችኋል። በቀን ብዙ ናሙና ላለው ላብራቶሪ በአንድ ምርመራ የሚወጣው ወጪ ትንሽ ነው፤ እሱ ላይ አልከራከርም። ግን ቀን ከሌት እንደበራ መቆየት ይፈልጋል። መብራት ሲሄድ ፈሳሹ ቱቦው ውስጥ ይደርቃል፣ ጨው ይሠራል። ዩፒኤስ ከሌላችሁ ባትጀምሩት ይሻላል።

ባለካርትሪጁ (ኤሌክትሮዶቹ በሚጣል ማቀፊያ ውስጥ ያሉበት) በተቃራኒው ቆሻሻውን ይዞ ይጣላል። የትናንቱ በሽተኛ ፕሮቲን ለዛሬው አይተርፍም። ዋጋው ግን በእያንዳንዱ ናሙና ይቆጠራል፣ ፍሪጅ የሚፈልግም አለ። በቀን አምስትና ስድስት ናሙና ለሚያይ ክሊኒክ እኔ ያለማመንታት ይሄንን እመርጣለሁ።

የስኳር ስትሪፕም የሚጣል ስለሆነ የመቆሸሽ ችግሩ ትንሽ ነው። የደም ማነስ ያለበት ሰው ላይ ግን ከፍ አድርጎ ሊያነብ ይችላል። ሌላም አለ፦ ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ትበልጣለች። በግሉኮስ ኦክሲዴዝ ኢንዛይም የሚሠራ ስትሪፕ ኦክስጅን ሲያንስ ወደ ላይ ሊያዛባ ይችላል። ማሸጊያው ላይ ግሉኮስ ዲሃይድሮጅኔዝ የሚል ፈልጉ፤ የአይኤስኦ 15197:2013 ደረጃን ማሟላቱንም ጠይቁ።

አሁን ወደ ማስተርስ ተማሪዎቻችን። ግላሲ ካርበን (መስታወት የመሰለ የካርበን ኤሌክትሮድ) አንዴ ይገዛል፣ ዓመታት ይኖራል። ይኖራል ስል ታዲያ በ1፣ በ0.3፣ በ0.05 ማይክሮን የአሉሚና ዱቄት እያሻሻችሁት ነው። እጃችሁ እኩል ካልፈተገ የሰኞውና የማክሰኞው ፊት አንድ አይሆንም። እንደ ቀለም የሚታተመው ካርበን ኤሌክትሮድ ለአንድ መለኪያ ነው፤ ማሻሸት የለም። በአንጻሩ ከአንዱ ፓኬት ወደ ሌላው ትንሽ ይለያያል። የኔ ምክር፦ ዘዴውን በግላሲ ካርበን ተማሩ፣ ሲረምና ሽንት ላይ ስትደርሱ ወደሚታተመው እለፉ።

ናፊዮን (ኤሌክትሮድ የሚሸፍን ፖሊመር) ቀብቼ ብገላገልስ የሚል አይጠፋም። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ምጣድ በጎመን ዘር የሚታሰሰው እንጀራው እንዳይያዝ አይደል? አሜሪካዊው ተመራማሪ ሊላንድ ክላርክም ደም ውስጥ የገባ ባዶ ፕላቲነም ሲያስቸግረው በስስ ፕላስቲክ ሸፈነው፤ የኦክስጅን ኤሌክትሮዱ እ.ኤ.አ. በ1956 ታተመ። ናፊዮን በኔጋቲቭ ቻርጁ ሲግናል የሚያዛቡትን አስኮርቤትንና ዩሬትን ይገፋል። ፕሮቲንን ግን ሙሉ በሙሉ አያስቆምም። ወፍራም አድርጋችሁ ከቀባችሁት የምትለኩትንም ነገር ያዘገይባችኋል። ቀባችሁም አልቀባችሁ፣ በንጹሕ ባፈር (ፒኤች የሚጠብቅ፣ ፕሮቲን የሌለበት ፈሳሽ) የሠራችሁትን ካሊብሬሽን (ሲግናልን ወደ መጠን የሚቀይር መስመር) ይዛችሁ ሲረም አታንብቡ። የታወቀ መጠን እዚያው ሲረም ላይ ጨምራችሁ ለኩ።

ሻጭ ጋ ስትሄዱም ብሮሹሩ ላይ ያለው ቆንጆ መስመር በምን ፈሳሽ እንደተሠራ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ባፈር ነው። ቀጥላችሁ "ሲረም ውስጥ ከ50 ናሙና በኋላስ ሲግናሉ ስንት ይቀራል?" በሉት። "ደውዬ ላጣራ" ካለ፣ ደውሎ እስኪያጣራ ብሩን ኪሳችሁ ውስጥ አቆዩት።